ጋሼ ተሰማ አስፋልቱን የተሻገሩ ቀን

መቱ ውስጥ መኪናው የተጋጨበት ሹፌር መጀመሪያ የሚጠራው ፈጣሪውን ነው፣ ቀጥሎ ጋሼ ተሰማን። ባቲላሜራ ናቸው። የተጨማደደ ቦዲ ያቃናሉ፣ የተቀደደ ይበይዳሉ፣ የጠፋውን ደግሞ ከባዶ ላሜራ ቀጥቅጠው ያወጡታል። ስለ መዶሻቸው ልንገራችሁ ብል አይመሽም አይነጋም። ዛሬ የማወራችሁ ግን የመዶሻቸውን ነገር አይደለም። አንድ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ ያደረጉትን ነው። ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። እታገኝ እባላለሁ። ከመቱ ኡካ ሰው የምጭን ሹፌር ነኝ። አዎ፣ ሴት ነኝ፤ ደግማችሁ አትጠይቁኝ። የመኪናዋ ሹፌር ድሮ ባሌ ደጀኔ ነበር። ወገቡን ታሞ ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ» ሲለው አሮጌዋ ላንድክሩዘራችን ግቢ ውስጥ ቆመች፤ የጎረቤት ዶሮዎች ጣሪያዋ ላይ ማደር ጀመሩ። እኔ ደግሞ ቆሞ የሚያድር ነገር ማየት አልወድም። መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ዶሮዎቹን አባርሬ መሪውን ያዝኩ።

ያኔ መናኸሪያው ውስጥ ሴት ሹፌር እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ገብቶ፣ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ ከተቀመጠ በኋላ መሪው ላይ እኔን ሲያይ «ውይ! ለካ የረሳሁት ነገር አለ» ብሎ ይወርዳል። ዞር ስል ሌላ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አየዋለሁ። ረስቶት የነበረው እዚያ ነው መሰለኝ! እንዲህ ሲያደርጉኝ እኔም ልቤን አደነደንኩ። «አልችልም» የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። ጭቃውም ይምጣ፣ ጎርፉም ይምጣ፣ ፊቴን አኮሳትሬ እገባበታለሁ። ፈርቻለሁ ካልኩ ያኔውኑ አለቀልኝ ብዬ አምን ነበር።

የኡካን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። አሮጌው ጎማ ስላለቀ ሰፋፊ የጭቃ ጎማ አስገባሁ። እሰይ! መኪናዋ ጭቃውን ትዘባነንበት ጀመር። ችግሩ፣ ጎማው ከቦዲው ወደ ውጭ ወጣ። ጠጠር ያስፈነጥራል፣ በዳር የሚሄደውን ሁሉ ጭቃ ያለብሳል። ለዓመታዊው ቴክኒክ ምርመራ ስሄድ መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጎማው ከቦዲ ወጥቷል። ወይ ጎማውን ቀይሪ፣ ወይ ጎማውን የሚሸፍን የፓራፋንጎ ቅጥያ አሠሪ። ያለዚያ ቦሎ የለም» አለኝ።

ጎማውን ብቀይር መንገዱን አልወጣውም። ቦሎ ከሌለኝ ደግሞ አልጭንም። የማህበራችን ሊቀመንበር ይህን ሲሰማ አላዘነልኝም። «ሰኞ ጠዋት ቦሎ ለጥፈሽ ካልመጣሽ ተራሽን ወረፋ ለሚጠብቅ እንሰጣለን» አለኝ። ቤት ገብቼ ለደጀኔ ብነግረው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ቆየና፣ «ተራው ከሄደ መኪናዋን እንሽጣት፣ እታገኝ። ቆማ ከምትበሰብስ» አለ። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ ስለ ደከመው ነው። እኔ ግን ሲሸጧት ታየኝና እንባዬ መጣ። መኪናዋ ከተሸጠች እኔ እንደገና የሰው ሚስት ብቻ ሆኜ ቤት ልቀመጥ ነው። ይህ የሆነው ሐሙስ ማታ ነበር።

አርብ በማለዳ ጋሼ ተሰማ ጋራዥ ደረስኩ። ጋራዣቸው ወደ ጎሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ሰውየው ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ኩራታቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ናቸው። ሥራቸውን ቆሞ የሚያይ ሰው አይወዱም፤ ግን የሚያይ ሰው ከሌለ ደግሞ ሥራ አይሆንላቸውም።

ነገሩን ነገርኳቸው። በጣታቸው መገጣጠሚያ ፓራፋንጎውን ዳር ዳሩን ኳ ኳ እያደረጉ መኪናዋን ዞሯት። ሐኪም የበሽተኛ ደረት ሲመታ አይታችኋል? እንደዚያ ነው።

«አርጅታለች» አሉ። «ላሜራዋ ሳስቷል። ከላይ ቀለም ነው የያዛት።»

«በቡሎን ቢታሰርስ ጋሼ? ደጀኔ በቡሎን ይታሰር ብሏል።»

«ደጀኔ ወገቡን ነው ወይስ ጭንቅላቱን የታመመው? በቡሎን ታስሮ ኡካ ደርሶ የተመለሰ ነገር አሳይኝ! ይላላል። ጭቃ በመሃል ይገባል። በዓመቱ ቅጥያውም ፓራፋንጎውም ዝገት ይበላቸዋል። መበየድ አለበት። ጥያቄው በምን ይበየዳል ነው።»

«በምን ማለት?»

«እሱን ለእኔ ተዪው። መጀመሪያ ቅጥያው ይሠራ» ብለው መዶሻቸውን አነሱ።

ያን ቀን ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም። የአሸዋ ከረጢት አለቻቸው፣ የዋንዛ ግንድ አለቻቸው፣ ከዚያ ሌላ ሻጋታ የሚባል ነገር የለም። ጠፍጣፋውን ላሜራ ከረጢቷ ላይ አስተኝተው ቀስ እያሉ ይመቱታል። ሲመቱት ይጎብጣል፣ ሲያገላብጡት ይዞራል፣ ጎማው ላይ ለክተው መልሰው ይመቱታል። ስልክ ሲጠራ አያነሱም፣ ሰላም ሲሏቸው አይሰሙም። ሲመሽ ሁሉም ቅጥያዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የቀኙ ከግራው ጋር ሲገጠም ፀጉር አያስገባም። ዳሰስኩት፤ አንድም ሻካራ ቦታ የለውም። በእውነት ደስ ስላለኝ እጃቸውን ይዤ ሳምኳቸው።

«ገና ነው አንቺ ልጅ» አሉ፣ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ዞር ብለው። «ቅዳሜ ጠዋት እንበይደዋለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ግን መኪናዬን አልነኳትም። ከጋራዡ ጀርባ የተጣለ አሮጌ ፓራፋንጎ አምጥተው፣ ውፍረቱ ከእኔ መኪና ጋር እኩል መሆኑን በጣታቸው አሽተው አረጋግጠው፣ እሱ ላይ ሊሞክሩ ተዘጋጁ። ይህ ልማዳቸው ነው። የሰው ንብረት ላይ አይማሩም።

መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ሞከሩት፤ ያ መናኸሪያ አጥር ላይ፣ በርና መስኮት ላይ የምናየው በኤሌክትሮድ የሚሠራው ብየዳ ማለት ነው። ቻ አለና ጭሱ ሲነሳ የሳሳው ላሜራ ተበስቶ ቀረ። ኃይሉን ቀነሱት። ያኔ ደግሞ አልያዘም። አንዴ ይበሳል፣ አንዴ አይይዝም። ኤሌክትሮዱን ወርወር አደረጉት።

ቀጥሎ ጋዝ ለኮሱ። ጋዝ የእሳቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት። ያቺ ሰማያዊ ነበልባል እጃቸው ላይ ስትሆን ጣታቸው ነው የምትመስለው። ስፌቱ ምን የመሰለ ሆነ መሰላችሁ! ሄዷል ሄዷል፣ አንድ ቦታ አልዘለለም። እልል ልል ስል ጋሼ እጃቸውን አነሱብኝ።

«ጠብቂ። ይቀዝቅዝ።»

ሲቀዘቅዝ ላሜራው ቀስ እያለ ተወጣጠረ፤ መሃሉ አበጠ፣ ዳሩ ተጣመመ። ስፌቱ ደህና ነው፤ ቦዲው ግን ማዕበል ሆነ። የጋዝ ሙቀት አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ይሰራጫል፤ ስስ ላሜራ ደግሞ ያን ሁሉ ሙቀት አይችልም። ጋሼ በመዶሻ ሊያቃኑት ሞከሩ። አንዱን ሲያስተኙ ሌላው ይነሳል። ሌላ ቁራጭ አመጡ፣ እሳቱን አሳንሰው፣ ቦታ እየዘለሉ ሞከሩ። አሁንም ያው ነው።

ፀሐይዋ ወደ ላይ ወጥታለች። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝና ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው በጋዙ ይበይዱት። የተጣመመውን ስቱኮ እንሞላዋለን፣ ከላይ ቀለም እንቀባዋለን። መርማሪው በምን ያውቃል?»

ስቱኮ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጎድጓዳና ጉብታ መድፈኛ ልጥፍ ነው፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ቀለም ከተቀባ ማንም አይለየውም። ጋሼ ተሰማ እንዲህ ሲያዩኝ ቆሌዬ ተገፈፈ።

«መርማሪው አያውቅም። የኡካ መንገድ ግን ያውቃል» አሉ። «ወር ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ውሃ ይገባበታል። አንድ ቀን ሰው ጭነሽ ስትሄጂ ቅጥያው ተገንጥሎ ጎማ ላይ ቢያርፍ ምን ትሆኛለሽ? ስቱኮ በእጄ ለሸፍጥ ገብቶ አያውቅም። ለአንቺ ብዬም አልጀምርም።»

«እና ምን ይሁን ጋሼ? ሰኞ እኮ ተራዬን ሊወስዱብኝ ነው! መኪናዋን ሊሸጧት ነው!»

ሳያስቡት ዐይናቸው አስፋልቱን ተሻግሮ ሄደ። ወዲያው መለሱት። እኔ ግን አይቻለሁ።

ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የገመቹ ጋራዥ ነው። ገመቹ ድሮ ጋሼ ተሰማ ዘንድ ይሠራ ነበር፤ ሥራውን ከእሳቸው ነው የተማረው። ቤተሰብ ሲመሠርት ወጥቶ የራሱን ከፈተ፣ አዲስ አበባ ሄዶም አንድ የሽቦ ብየዳ ማሽን ይዞ መጣ። ማሽኗ ቀጭን ሽቦ እያወጣች፣ ጭር ጭር እያለች ነጥብ በነጥብ ትበይዳለች። ሙቀቷ ከነጥቧ አይርቅም፤ ስስ ላሜራ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ያኔ የገመቹ ወጥቶ መሄድ የጋሼ ተሰማን አንጀት አሳርሮት ነበርና፣ ምሳ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ያቺ የልብስ ስፌት መኪና ናት! ከእሷ የወጣውን ብየዳ በጥርሴ እፈታዋለሁ» አሉ። ከተማው ሁሉ ስቆ ወሬውን ለገመቹ አደረሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። ፊት ለፊት ቁጭ ብለው፣ አንዱ የሌላውን መዶሻ እየሰማ፣ ዓመታት አለፉ።

ጋሼ ውሃ ሊጠጡ ወደ ውስጥ ሲገቡ ዐይኔን በጨው አጥቤ መኪናዬን አስነሳሁና ማዶ ተሻገርኩ። ቅጥያዎቹን ከኋላ ጭኛቸዋለሁ።

ገመቹ ከሥር ተኝቶበት ከነበረ ሚኒባስ ወጥቶ በትህትና ሰላም አለኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ከኋላ ያለውን ቅጥያ አንስቶ አየው፤ በጠርዙ ላይ አውራ ጣቱን አስኬደው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር መጣ፤ ናፍቆት ይሁን ቅናት አላውቅም።

«ይህ የጋሼ እጅ ነው» አለ።

«አዎ። አንተ ደግሞ በዚያች ማሽንህ ትበይድልኛለህ። ዛሬ።»

ቅጥያውን እንደ ነበረ መልሶ አስቀመጠው።

«አልችልም እህቴ። እሳቸው ጀምረውታል። አንድ ባለሙያ እጁን ያሳረፈበትን ሥራ ሌላው አይነጥቅም። ሰፉ ነው።»

«ሰፉ» በኦሮምኛ ከነውርም በላይ ነው፤ ሰው የማይጥሰው ወሰን ማለት ነው። መቱ ያደገ ሰው ያቺን ቃል ከሰማ በኋላ አይከራከርም። እኔ ግን ተከራከርኩ። «ሰውየው አልሆነላቸውም እኮ! ሞክረው አቃታቸው!»

«ይህን አንቺ ነሽ የምትዪው። እሳቸው አላሉም። እሳቸው ራሳቸው መጥተው ‹ያዘው› ካላሉኝ አልነካውም። አይመጡም ደግሞ፤ ታውቂያለሽ።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያዘነ ነው የሚመስለው።

ወሽመጤ ተቆርጦ ተመለስኩ። ጋሼ ተሰማ በራቸው ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«የት ነበርሽ?»

«ማዶ።»

«ማን ላከሽ? እኔ ላክሁሽ? በእኔ ስም ሄደሽ ለመንሽው?» ጩኸታቸው ቡና የሚያመላልሱትን ሁሉ አስቆመ። «እና ምን አለሽ? ሳቀ?»

«አልሳቀም» አልኩ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። «የጋሼ እጅ አርፎበታል፣ አልነካውም ነው ያለኝ። ሰፉ ነው አለኝ። እርስዎ ራስዎ ካልሰጡት እንደማይነካው ነገረኝ።»

ጋሼ ተሰማ የተጣመመውን መሞከሪያ ላሜራ አዩት፣ ቅጥያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ የቆዳ ሽርጣቸውን ፈትተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። አንዱን ቅጥያ ከመኪናዬ አውጥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«ተከተዪኝ» አሉኝ።

አስፋልቱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ሴቱ ማርና ቅቤ ይዞ፣ ወንዱ ፍየል እየጎተተ፣ ባጃጁ ጥሩንባ እየነፋ። ጋሼ ተሰማ በዚያ ሁሉ መሃል ቀጥ ብለው ተሻገሩ። መጀመሪያ የባጃጅ ሹፌሮቹ አዩአቸው፣ ቀጥሎ ሱቅ ያሉት ወጡ። «ወይ ጉድ! ወዴት ሊገቡ ነው?» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ሊጣሉ የሚሄዱ የመሰላቸውም ነበሩ፤ አንድ ሁለቱ ለመገላገል ተከተሉን።

ገመቹ ሲያያቸው ከተቀመጠበት ተነሳ። እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ። አላነሳውም።

ጋሼ ተሰማ ቅጥያውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«ገመቹ፣ ይህን ሥራ እኔ ጀመርኩት» አሉ፣ ከበር ውጭ ያለው ሁሉ በሚሰማው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው። «ጋዜ አጣመመው፣ ኤሌክትሪኬ በሳው። እኔ አልችለውም። ያንተ ማሽን ነው የሚችለው። ያዘው።» ቆም አሉና ያልሰማ እንዳይኖር ይመስል «አልችለውም» ያሉትን በኦሮምኛም ደገሙት። «ሂን ደንዳኡ።»

እመኑኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ «ተሰማ የማይችለው ነገር የለም» ሲባልላቸው የኖሩ ሰው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የሚያፈሩበት ሰው ሁሉ ፊት፣ «አልችለውም» አሉ። ደግሞም አንገታቸውን አልደፉም። ሲመጡ እንደነበሩት ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ትልቅ ሆኖ የታየኝ ሰው የለም።

ገመቹ ቅጥያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ኮታ ጋሼ፣ ይግቡ» አለና የራሱን ዱካ ጠርጎ አቀረበላቸው። ጋሼ ግን አልተቀመጡም፤ ሊሄዱ ዞሩ።

«ወዴት ነው?» አለ ገመቹ።

«ሰጥቼሃለሁ እኮ።»

«ላሜራውን እርስዎ ካልያዙልኝ ብቻዬን አልጀምረውም። እኔ ነጥብ አደርጋለሁ፣ እርስዎ ያቃናሉ። እንደ እርስዎ የሚያቃና ሰው እኔ የለኝም።»

ጋሼ ተሰማ ጢማቸውን ዳበሱ። «ያቺን መጥረቢያ የምታክል መዶሻህን አውጥተህ ጣልልኝ፤ የእኔን አምጪልኝ አንቺ ልጅ!» አሉኝ። ሮጥኩ እንጂ አልተራመድኩም፤ መዶሻውን ይዤ መኪናዋንም አሻገርኳት።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ገመቹ አንዲት ነጥብ ከፊት ያሳርፋል፣ ቀጥሎ ከኋላ፣ ከዚያ መሃል፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ እንዳይከማች ነው። ጋሼ የመዳፋቸውን ጀርባ ላሜራው ላይ ያደርጋሉ። መዳፋቸው ችሎ ሲያርፍ «በል» ይላሉ። ካልቻለ «ቆይ» ብለው በመዶሻቸው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጉታል። ማሽኗ ጭር ትላለች፣ መዶሻው ጠቅ ይላል። ብዙ አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ገመቹ፣ «የልብስ ስፌት መኪናዋ እንዴት ናት ጋሼ?» አለ። ሁላችንም ክው አልን። ጋሼ ግን አጎንብሰው ስፌቱን በደንብ አዩና፣ «ጥሩ ልብስ ሰፊ እጅ ገብታለች» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ገመቹም ሳቀ። የዚያን ጊዜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የፊቶቹን ሁለቱን ጨርሰው የኋላውን ሲጀምሩ መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። አልመጣም። ጄነሬተር ተጠየቀ፤ ያለው የማሽኗን አቅም አይሸከምም። ገመቹ የኤሌክትሪክ ብየዳውም ሆነ ሽቦው ያለ መብራት ዋጋ እንደሌላቸው ሲነግረኝ፣ ጋሼ «ጋዝ አለኝ» አላሉም። መኪናዋ እዚያው አደረች። እኔ ቤት ገብቼ አልጋ ላይ ስገላበጥ ደጀኔ፣ «ነገ እሁድ ነው፤ ጋሼ ተሰማ በሰንበት ብረት እንደማይቀጠቅጡ ታውቂያለሽ» አለኝ። አውቃለሁ። መቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ቢሞቱ በሰንበት መዶሻ አያነሱም።

እሁድ ረፋድ ላይ መብራት መጣ። በረርኩ። ገመቹ ከቸርች ተመልሶ በሱፍ ሱሪው ላይ ቱታ አጥልቋል። ብቻውን ነው። «ካላቃኑልኝ ይጣመምብኛል ብዬ እየፈራሁ ነው» አለኝ። እኔ ምን ልበል? ሰውየው አምላካቸውን ይተዉልኝ?

ልንጀምር ስንል ጋሼ ተሰማ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከቅዳሴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«መዶሻ አልይዝም» አሉ ገና ሳንጠይቃቸው።

«አይያዙ ጋሼ» አለ ገመቹ።

«እጄን ግን ፈጣሪ በሰንበት አስቀምጥ አላለኝም።» ዱካው ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉና የመዳፋቸውን ጀርባ ላሜራው ላይ አሳረፉ። «በል፣ አንዷን ነጥብ አድርግ። አንቺ ጨርቅ በውሃ ንከሪ። ስልሽ ታሳርፊበታለሽ፤ ሳልልሽ ብትነኪው ውርድ ከራሴ።»

እንዲህ ሆኖ ተሠራ። ገመቹ ነጥብ ያደርጋል፣ ጋሼ ሙቀቱን በእጃቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ «አሁን!» ሲሉኝ እርጥቡን ጨርቅ አሳርፋለሁ። መዶሻ ስለሌለ እንዳይጣመም መጠበቅ ብቻ ነበር የነበረን አማራጭ፤ ስለዚህ በጣም ቀስ ብለን ሄድን። እጃቸው ላይ ፍንጣሪ ሲያርፍ አየሁ፤ አላነሱትም። የመጨረሻዋ ነጥብ ስታርፍ ፀሐይዋ ወደ ሶር ወንዝ በኩል አዘቅዝቃለች። ገመቹ ዐይን መከላከያውን አወለቀ። ጋሼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። አልተጣመመም። የብየዳው ቦታ ተሞርዶ የዝገት መከላከያ ቀለም ሲቀባ ቅጥያው ከመኪናዋ ጋር አብሮ የተወለደ መሰለ።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ጎማውን አየ፣ ቅጥያውን ያዘና በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ጫነው። መኪናዋ ወረደች እንጂ ቅጥያው አልተነቃነቀም። እንደገና ከሥር ገብቶ አየ። ሲወጣ፣ «ይህን የሠራው ማነው?» አለ።

«ጋሼ ተሰማና ገመቹ» አልኩት።

«አብረው?» ብሎ ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነበር። ቦሎውን ግን ሰጠኝ።

መናኸሪያ ስገባ ሊቀመንበሩ መስታወቱ ላይ ያለውን ቦሎ አይቶ ተራዬን አሳየኝ። ያን ቀን ኡካ ደርሼ ተመለስኩ። ደጀኔ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ መኪናዋን ዞራት፣ ዳሰሳት፣ «አትሸጥም» አለ።

በማግስቱ ላመሰግናቸው ጋሼ ተሰማ ጋራዥ ብሄድ የሉም። ማዶ ናቸው አሉኝ። ተሻግሬ ስገባ የገመቹን የብየዳ ጭንብል አጥልቀው፣ ያቺን ማሽን ይዘው፣ ቁራጭ ላሜራ ላይ ነጥብ ሊያሳርፉ ይታገላሉ። ነጥቦቹ ጠማማ ናቸው። ገመቹ ከጎናቸው ቆሞ፣ «ጋሼ፣ እጅዎን ያለዝቡት እንጂ! መዶሻ አይደለም እኮ!» ይላቸዋል። እሳቸው ከጭንብሉ ውስጥ ሆነው ይሳደባሉ፤ ግን ይደግሙታል። በዚያ ዕድሜ! አላቋረጥኳቸውም። በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ቆይቼ ተመለስኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ታሪክ ምን አደረገሽ ካላችሁኝ ልንገራችሁ።

በዚያው ክረምት አንድ ቀን ከኡካ ስመለስ ዝናቡ መንገዱን የሚያቋርጠውን ወንዝ ሞላው። መኪናዬ ሙሉ ናት። ውሃው ቡናማ ሆኖ ይገላበጣል፣ ሥሩ አይታይም። ድሮ ቢሆን ምን እንደማደርግ ነግሬያችኋለሁ፤ ፊቴን አኮሳትሬ እገባበት ነበር። እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር። ያኔ ጋሼ ተሰማ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀጥ ብለው የቆሙት ታየኝና ሞተሩን አጠፋሁት።

ወደ ኋላ ዞርኩ። እዚያ ከተቀመጡት መካከል ከመኪናዬ ይወርዱ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ መልካቸውን አውቀዋለሁ።

«ይህን ውሃ እኔ አልችለውም» አልኳቸው። «እስኪጎድል እንጠብቃለን። ካልጎደለ ኡካ ተመልሰን እናድራለን። የቸኮለ ካለ ሌላ መኪና ይፈልግ፤ አልቀየምም።»

«ሴት ስለሆነች ነው» ሲሉ ልሰማ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የኡካ ገበሬ ናቸው፣ ወጥተው ውሃውን በበትራቸው ሞከሩት። በትሩ ሲሰምጥ አየን። ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉት።

«ከዛሬ በኋላ እኔ የምሳፈረው በአንቺ መኪና ነው» አሉኝ።

ሌላውም ሰው በየቦታው ተደላደለ። አንድም የወረደ አልነበረም።